መልስ፦ «አባቴ እያጨሱ 90 ዓመት ኖረዋል» ለሚሉ አጎትህ

አጎትህ ከአባታቸው ተነስተው «ሲጋራ አይጎዳም» ማለታቸው የችኮላ ድምዳሜ ይባላል። አንድ ሰው አይተው ለሁሉም ፈረዱ።

ሌላም ጉድ አለው። እያጨሱ በ50 ዓመታቸው የሞቱት ዛሬ መጥተው አይከራከሩም። የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው።

ካየነው ተነስቶ ስላላየነው መገመት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሁላችንም የምንኖረው በዚያ ነው። ግን ብዙ ማየትም ዋስትና አይሆንም። አውሮፓውያን ስዋን የሚባለው ወፍ ሁሉ ነጭ ነው ብለው ኖረው፣ በ1697 እ.ኤ.አ. የሆላንድ መርከበኞች አውስትራሊያ ውስጥ ጥቁሩን አዩት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። «ይሄ የአስተሳሰብ ስህተት ነው» ብለህ እንዳትጀምር። እኔ ቡና ላይ ለአክስቴ እንዲህ ብዬ ሁለት ሳምንት አኩርፈውኛል። ይልቅ «አብረዋቸው ያጨሱ የነበሩት ጓደኞቻቸውስ?» ብለህ ጠይቃቸው።