የዳነውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም እዩ

ልጆቼ፣ ዝሆኖች ጭቃ ውስጥ የተያዘ ግልገል ሲያወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ስታዩ ልባችሁ እንደሚነካ አውቃለሁ። የእኔም ይነካል። ዕድሜዬን የእንስሳት ባህሪ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል። ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡ ግን አንድ አደራ አለኝ። እርዳታ ያገኘውን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። ሳያገኝ የቀረውንም ቆማችሁ እዩ።

ማታቤሌ የሚባሉትን ጉንዳኖች ልንገራችሁ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የሚኖሩ ናቸው፤ ምግባቸው ምስጥ ብቻ ነው። በሰልፍ ወጥተው የምስጥ መንጋ ይወርራሉ። የምስጥ ወታደሮችም ዝም ብለው እጅ አይሰጡም፤ መንጋጋቸው እግር ይቆርጣል። ኤሪክ ፍራንክና ባልደረቦቹ በአይቮሪ ኮስት፣ ኮሞዬ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያጠኑትን በ2017ና በ2018 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የቆሰለች ጉንዳን ከሰውነቷ ኬሚካል ትለቃለች። ሽታው የደረሳቸው ጓደኞቿ መጥተው ይዳስሷታል፤ እሷም እግሮቿን ሰብስባ ጸጥ ትላለች፤ አንዷ በመንጋጋዋ አንስታ ወደ ጎጆ ትወስዳታለች። እዚያ ቁስሏን ይልሱላታል። መላሱ ቀልድ አይደለም፦ ሳይታከሙ ከቀሩት 80 በመቶ ያህሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሲሞቱ፣ ከታከሙት የሞቱት 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

አሁን የቀረችዋን እዩ። አምስት እግር ያጣች ጉንዳን ሜዳ ላይ ትቀራለች። ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ «ጨካኞች ናቸው፣ የማትጠቅመውን ይጥላሉ» ይላል። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጓደኞቿ ሲደርሱባት ትወራጫለች፣ ትሽከረከራለች፤ እግሯን አትሰበስብም። ለማንሳት ስለማትመች ትተዋት ይሄዳሉ። ማን እንደሚነሳ የሚለየው በአንሺዋ ብቻ ሳይሆን በቆሰለችዋም አኳኋን ነው። ይህን ለማወቅ ከተጎዳችው አጠገብ መቆየት ያስፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ ከጥናቱ ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ስለ ባሕር እንስሳትም ብዙ ትሰማላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ አካባቢ ሀምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ በጀርባው ተገልብጦ፣ ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች የሚያሳድዱትን «ሲል» የሚባል የባሕር እንስሳ ደረቱ ላይ ይዞ ታይቷል። ያየው ተመራማሪ ሮበርት ፒትማን በኋላ ተመሳሳይ ታሪኮችን ሲሰበስብ፣ ሀምፕባኮች ጣልቃ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ለራሳቸው ዝርያ እንዳልሆነ አገኘ። ርኅራኄ ነው? ወይስ የግልገሎቻቸው ጠላት ባለበት ሁሉ መድረስ ለምዶባቸው ነው? ለመፍረድ አትቸኩሉ። «እንደ ሰው ያዝናሉ» ማለትም፣ «ማሽን ናቸው» ማለትም ቀላል ነው፤ ሁለቱም ከመመልከት ያስቀራሉ።

አይጦቹን ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ኢንባል ቤን-አሚ ባርታልና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጓደኛዋ ጠባብ ቱቦ ውስጥ የተዘጋባት አይጥ በሩን መክፈት ትማራለች። በሌላ ቱቦ ቸኮሌት ሲቀመጥላት እንኳ ሁለቱንም ትከፍታለች፤ ብዙ ጊዜም ቸኮሌቱን ለብቻዋ አትጨርሰውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው እዚህ ድረስ ያለውን ነው። ተመራማሪዎቹ ግን «ለማን አትከፍትም?» ብለው ቀጠሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. መልሱ ወጣ። ነጭ አይጥ ለማታውቃት ነጭ አይጥ ትከፍታለች፤ አብራው ኖራ ለማታውቀው፣ ራሱና ትከሻው ጥቁር ለሆነ ዓይነት አይጥ (ባጭሩ «ጥቁር» ልበለው) ግን አትከፍትም። ሁለት ሳምንት ከአንዲት ጥቁር አይጥ ጋር ከኖረች በኋላ ለሌሎች እንግዳ ጥቁሮችም መክፈት ጀመረች። ከተወለደች ጀምሮ በጥቁሮች መሃል ያደገች ነጭ ደግሞ ለጥቁሮቹ እየከፈተች የራሷን ዓይነት ትተዋለች። የራሷን መልክ አይታ አታውቅማ!

እና የመንጋ ጥናት ስትጀምሩ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ብቻ መዝግባችሁ እንዳታቆሙ። ማን ከማን ጋር እንደሚውልና እንደሚያድርም ጻፉ፤ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ሮጦ የደረሰውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ሆኖ ያልተነቃነቀውንም።