ታፋውን አትውጉ

የፋሲካ ሰሞን ነው። ከአንድ ልኳንዳ ቤት ተደወለልኝ። "ዶክተር፣ እባክዎ መጥተው ይህን ነገር ይዩልኝ።" ዶክተር አይደለሁም። በእኛ አገር ግን መርፌ የያዘ የእንስሳት ባለሙያ ሁሉ ዶክተር ነው።

ስደርስ ባለ ልኳንዳው የተሰቀለውን ታፋ በቢላዋ ከፈት አድርጎ አሳየኝ። መሃሉ ላይ ቡጢ የሚያህል መግል ቋጥሯል። ጥሬ ሊበላ የመጣ ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። በሬውን አወቅሁት። እዚያው ቦታ ላይ የወጋሁት እኔ ነበርኩ።

ያኔ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ዲፕሎማ አለኝ፣ የሥልጠና ወረቀቶቼ አንድ ፋይል ሞልተዋል። ታፋ የምወጋው ግን ያስተማረኝ ሰው ታፋ ስለሚወጋ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተደራጅታችሁ፣ ብድር ወስዳችሁ፣ አምስት አሥር ወይፈን ይዛችሁ ማድለብ የጀመራችሁ ልጆች፣ ይህን የምነግራችሁ በኔ እንድትስቁ አይደለም። ብትስቁም ግድ የለም። መርፌ አንገት ላይ፣ ከትከሻው ፊት ይወጋል። ቁስል ቢተው እንኳ የሚበላሸው ርካሹ ሥጋ ነው። አሜሪካኖቹም በዚሁ ጉዳይ ተቃጥለው ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመሩት የበሬ ሥጋ ጥራት ማረጋገጫ ሥልጠና አላቸው፤ አንገት ላይ ውጉ የሚለው ከዋነኛ ትምህርቶቹ አንዱ ነው። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። የምስክር ወረቀቱ በሦስት ዓመት ጊዜው ያልፋል። አርቢው እንደገና ተምሮ ያሳድሰዋል። እኛ ደግሞ ወረቀቱን በላስቲክ አስለብጠን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ እዚያው አብሮን ያረጃል።

መድኃኒትም ላይ እንዲሁ። የረጅም ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ጠርሙስ አዙራችሁ አንብቡት። ብዙዎቹ ላይ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ፣ ከመታረዱ በፊት 28 ቀን ይቆይ ተብሎ ተጽፏል። ጥሬ ሥጋ በሚወድ አገር፣ ለበዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተወጋ ሰንጋ ለገበያ ማውጣት ነውር ነው። እንዲህ ስል የሚቆጡኝ አሉ። ይቆጡ።

መማር ሲባል ግን አዳራሽና አበል ብቻ አይታያችሁ። ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ ሐረርጌ ውስጥ ያገኘኋቸው ፊደል ያልቆጠሩ አንድ አባት ናቸው። እዚያ ገበሬው ማሽላና በቆሎውን ሲያሳሳ የነቀለውን ለሰንጋው በእጁ ያጎርሳል። እኚህ አባት እጃቸውን በጎድኑ ላይ አሳለፉ፣ የጭራውን ግርጌ ጨበጥ አደረጉ። "ሦስት ሳምንት ይቀረዋል" አሉ። እኔ ሜትሬን አውጥቼ፣ ክብደቱን ለመገመት የደረቱን ዙሪያ ለካሁ፣ ጻፍኩ። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ለካሁ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ሜትሩ መጨመሩን አቆመ። ከዚያ ወዲያ በሬው የሚበላው ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይት የተጨመቀ እህል ተረፈ ምርት፣ ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ ነው። የማድለብ ትርፍና ኪሳራ ያለው እዚያች ቀን ላይ ነው። እኔ በሜትር የደረስኩበትን እሳቸው በመዳፋቸው ያውቁታል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ባለሙያ አይባልም። "ምን ትሠራለህ?" ሲሉት "ከብት አለኝ" ብሎ ያልፋል።

አዳማ አካባቢ የቦረና ኮርማ የሚያደልብ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ 20 ዓመት ገደማ ሠርቷል። ኮሌጅ ያልገባ ሰውም በሥራ ያገኘውን ችሎታ ማስመዘን ይችላልና ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና እንዲፈተን ገፋፋሁት። ተግባሩን እንደ ውኃ ጠጣው። የጽሑፉን ወደቀ። ወረቀቱ የሚጠይቀው በኪሎና በመቶኛ ነው፤ እሱ መኖውን የሚያውቀው በባልዲና በጣሳ። አኩርፎ ሁለት ወር አላናገረኝም።

በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁለትና ባልዲውን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። አንድ ባልዲ ፉርሽካ ስንት ኪሎ ነው፣ ፋጉሎው ስንት፣ ጭዱ ስንት። የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ በየ15 ቀኑ የደረት ዙሪያ፣ የተወጋው መድኃኒትና የተወጋበት ቀን። 90 ቀን ሙሉ ጻፈ፤ ሲደክመው ልጁ ትጽፍለታለች። በዚያው ደብተር ላይ ፉርሽካውን በአንድ ጊዜ ያበዛበት ሳምንት ወይፈኖቹ ተቅማጥ ይዟቸው ክብደት እንደቀነሱ ራሱ አየው። እኔ ቀስ በቀስ ጨምር ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር!

አርብቶ አደር እውቅና ሲሰጠው ምን እንደሚሠራ አገራችን አይታለች። "ደስታ" የምንለው የከብት እልቂት በክፉ ቀን ዘመን አገሩን ባዶ ያስቀረ በሽታ ነው። አፋር ውስጥ በ1980ዎቹ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው በእግራቸው ከመንጋው ኋላ የሄዱት የሰለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ግንቦት 2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ወዳጄ በሁለተኛው ዙር አለፈ። ቤቱ ስሄድ ወረቀቱን ሳሎን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። በላስቲክ ጠቅልሎ በረቱ በር ላይ ቸንክሮታል። አንዱን ጥግ ወይፈን ልሶታል።