ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ኩዊንስን ሳያዩ መመለስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ ነሐሴ ላይ ለአራት ቀን ኒውዮርክ ልወስዳት አስቤያለሁ። ታይምስ ስኩዌርን፣ የነፃነት ሐውልትን፣ ሴንትራል ፓርክን ይዣለሁ። አንድ ቀን ግን ባዶ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ኩዊንስ ውሰዳት» ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ «እዚያ ከኤርፖርት በቀር ምን አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነት የሚታይ ነገር አለው? እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች፣ ብዙ መራመድም አትችልም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሰዳቸው። ያንን ባዶ ቀን ሙሉውን ለኩዊንስ ስጠው።

ጓደኛህ ስለ ኤርፖርቱ ያለው እውነት ነው፤ ኬኔዲም ላጋርዲያም ያሉት እዚያው ነው። ችግሩ አብዛኛው እንግዳ ኩዊንስን የሚያውቀው በታክሲ መስኮት ብቻ መሆኑ ነው። ከኒውዮርክ አምስት ክፍለ ከተሞች በስፋት ትልቁ ነው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል፣ ግማሽ የሚጠጋውም የተወለደው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ታይምስ ስኩዌር ላይ እንግዳ እንግዳን ነው የሚያየው። እዚህ ግን ሰው ቲማቲም ሲመርጥ፣ ልጁን በጋሪ ሲገፋ፣ በአገሩ ቋንቋ ስልክ ላይ ሲጯጯህ ታያለህ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው አለማወቁም ይቆጨኛል። ፍላሺንግ ሜዶውስ ኮሮና ፓርክ ሂዱ። ሚያዝያ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ከማንሃታን ሴንትራል ፓርክ ተነስተው እየሮጡ የገቡት እዚህ ነው። እዚያ ይካሄድ የነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን ለሁለተኛ ዓመት ሲከፈት ነበር፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የተላከ የሰላምታ መልእክት በብራና ይዘው ነው የሮጡት። አበበ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካጠለቀ ገና ስድስት ወሩ ነው እንግዲህ። ሩጫው ያለቀው ሲንገር ቦውል በሚባል ስታዲየም ነበር። ያ ስታዲየም በኋላ በዝነኛው የጃዝ ሙዚቀኛ በሉዊስ አርምስትሮንግ ስም ተጠራ፣ ከዚያም ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲሱ እዚያው ቦታ ላይ ተከፈተ፤ ዛሬ የዩኤስ ኦፕን ቴኒስ ከሚካሄድባቸው ሜዳዎች አንዱ ነው። ይህን እዚያው ቆመህ ለእናትህ ንገራቸው።

እዚያው ፓርክ ውስጥ ከኤግዚቢሽኑ የተረፈው ግዙፍ የብረት ሉል አለ፣ ቁመቱ 43 ሜትር ገደማ ነው። ፎቶ የምትነሱት እሱ ጋ ነው። አጠገቡ የኩዊንስ ሙዚየም ይገኛል። ሕንፃው የተሠራው ከዚያ ቀደም ለነበረው፣ እ.ኤ.አ. ለ1939ኙ ኤግዚቢሽን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1950 ደግሞ፣ ማንሃታን ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ገና ስላላለቀ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይሰበሰብ የነበረው እዚህ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር የወሰነው ውሳኔ ቁጥር 390 ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የጸደቀውም ጉባኤው በዚህ ፓርክ ተቀምጦ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ፣ ሠላሳ ዓመት የፈጀውንም ጦርነት ስታስብ፣ ያ አዳራሽ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሙዚየሙ ውስጥ መላው ኒውዮርክ በትንሹ ተሠርቶ ተቀምጧል፣ 1 ለ 1200 በሆነ ልክ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ሕንፃዎች አሉበት። ዙሪያውን እየተዘዋወራችሁ «ትናንት የነበርነው እዚህ ነው» ማለት ትችላለህ፣ ብዙ መራመድ ለማይችል ሰው ከተማዋን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ጃክሰን ሃይትስ የሚባለው ሰፈር ላይ ውረዱ። 74ኛው መንገድ የሕንድ፣ የባንግላዴሽ፣ የኔፓልና የቲቤት ሱቅና ምግብ ቤት ነው። ለእናትህ የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት ፈልግና ዶሳ እዘዝላቸው። ከቦካ የሩዝና የጥራጥሬ ሊጥ ነው የሚጋገረው፣ እንጀራ ሲጋግር የኖረ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ብቻ አስተናጋጁን «ቅቤም እርጎም እንዳይነካው» በለው፣ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ የጾም ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። ፍላሺንግ በሚገኘው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለው ካንቲን በዶሳው የታወቀ ነው፣ ነገር ግን እናትህ ሌላ እምነት ቤት ውስጥ መብላት ላይወዱ ይችላሉና ሳትጠይቃቸው አትውሰዳቸው። አንተ ካልጾምክ ሞሞ የሚባለውን፣ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራውን የቲቤት ምግብ ቅመስ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሉዊስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ 1971 ድረስ፣ የኖረበት ቤት ኮሮና በሚባለው ሰፈር ውስጥ አለ። ያን ያህል ዝነኛ ሆኖ ተራ ሰፈር ውስጥ ነው የኖረው። የሚጎበኘው ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ቀድመህ ቦታ ያዝ።

አሁን መንገዱን ልንገርህ። ከታይምስ ስኩዌር ወይም ከግራንድ ሴንትራል 7 ቁጥር ባቡር ያዙ። ኩዊንስ ሲገባ ከመሬት ወጥቶ በድልድይ ላይ ነው የሚሄደው፣ እናትህን መስኮት ጋ አስቀምጣቸው። ቁጥሩ በክብ ውስጥ የተጻፈበትን ባቡር ምረጥ። በዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ ያለው ፈጣኑ ነው፣ ጃክሰን ሃይትስ ላይ አይቆምም። ሁሉም ጣቢያ አሳንሰር የለውም፤ የጃክሰን ሃይትሱ ጣቢያ፣ 74ኛው መንገድ ብሮድዌይ ላይ ግን አለ። ስለዚህ እዚያ ወርዳችሁ ብሉ፣ ከዚያ እስከ ሙዚየሙ በር ድረስ ታክሲ ያዙ፣ ፓርኩ ሰፊ ስለሆነ ከባቡሩ ጣቢያ በእግር መሄዱ ያደክማቸዋል። ሰኞና ማክሰኞን ለማንሃታን ተወው፣ በሳምንቱ መጀመሪያ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ሐሙስ ወይም ዓርብ ይሻላችኋል። ጉዟችሁ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ከተገፋ ደግሞ ቴኒሱ ስለሚጀምር ባቡሩም ፓርኩም በሰው ይሞላል፣ ከዚያ በፊት ሂዱ።