ከጉድጓድ በኋላ ጎማ ለምትገዛው ወንድሜ፦ ጎኑ ላይ ያሉትን 4 ቁጥሮች ራስህ አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ ጫጫ አካባቢ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባህ። የፊት ቀኝ ጎማህ ጎኑ ላይ እብጠት አወጣ፤ የቸርኬውም ጠርዝ ታጠፈ። አሁን የምትጠይቀው አንድ ጎማ ልግዛ ወይስ ሁለት፣ አዲስ ይሁን ወይስ ያገለገለ ነው። ይሄው ነገር በሐምሌ 2011 እኔንም ገጥሞኛል። መንገዱ ያው፣ ጎኑ ያው፣ መኪናውም ኮሮላ። ለአንድ ጥፋት ሁለቴ ከፍያለሁ፤ ሕይወቴንም ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። አንተ ላይ እንዳይደርስ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አልነገርከንም እንጂ አንተም እንደኔ ጣርማበርን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ትመላለሳለህ ብዬ ነው የምጽፈው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ መኪና ያለው ሰው ያንን ቁልቁለት ሳይወርድ አይከርምም። እኔ ሽንኩርት ስለማመጣ በሳምንት አንዴ እወርዳለሁ።

1. ያበጠውን ጎማ ዛሬውኑ አውልቀው። እብጠት ማለት በጎማው ጎን ውስጥ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው። አየሩን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። አይጠገንም። ጎሚስታው «ከመነዳሪ እናስገባበትና ትንሽ ትሄድበታለህ» ካለህ እሺ እንዳትል። እኔንም ብሎኛል። ከመነዳሪ ጎማው ውስጥ የሚገባ፣ አየር የሚይዝ ላስቲክ ነው፤ የተበጠሰ ክር አይቀጥልም። ውስጥ ለውስጥ እየተፋተገ ይሞቃል፤ እብጠቱም አንድ ቀን መንገድ ላይ ይፈነዳል። ተጠባባቂ ጎማህን እሰርና ቀስ ብለህ ንዳ።

2. ቸርኬውን ሳታስፈትሽ ጎማ እንዳትገዛ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። የብረት ቸርኬ ጠርዙ ጥቂት ከታጠፈ ሊቃና ይችላል። የአሉሚኒየም ከሆነ ግን መዶሻ አይችልም፤ ይሰነጠቃል። የኔ የብረት ነበር። ጎሚስታው ሦስት አራት ጊዜ በመዶሻ መታ መታ አደረገና «ቀጥ ብሏል» አለኝ። አመንኩት። አዲሱ ጎማ ከታሰረ በኋላ ፍጥነቴ 80 ሲደርስ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን) ላሠራ ሁለት ቦታ ሄድኩ። ሁለቱም ቦታ ቸርኬው ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት እየጨመሩ ገንዘቤን ተቀበሉኝ። ቸርኬው ክብነቱን እንዳጣ የነገረኝ ሦስተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ቸርኬው ጎማ ሳይለብስ ባላንስ ማሽኑ ላይ ይታሰርና ይሽከርከር፤ አንተም ጎንበስ ብለህ ጠርዙን እይ። ከወዛወዘ በዓይንህ ታየዋለህ። ሌላ ቸርኬ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ 5 ቀዳዳ ያለው ሁሉ አንድ እንዳይመስልህ። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፤ 114.3 የሆነም አለ። አሮጌውን ይዘህ ሄደህ አነጻጽር። ጉድጓዱ የመሪውን መገጣጠሚያና ሾክአብዞርበሩንም መትቶ ሊሆን ስለሚችል ከሥር አሳይ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ጎማ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀጥሎ የፊደልና የቁጥር ድርድር አለው። መጨረሻው ላይ 4 ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። ይሄን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። የገዛ ወንድሜ ነግሮኝ ነው የሄድኩት። እውቀቱ ራሱ ነው ያስበላኝ።

መርካቶ ሄድኩ። ሱቁን አልጠራም። ጎማዎቹ ተቀብተው ጥቁር ብለው ያብረቀርቃሉ። ቁጥሩን ላነብ በርከክ ስል ከሻጮቹ አንዱ «ሴት ልጅ ጎማ ስታነብ ዛሬ አየሁ» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው። ደሜ ፈላ። ግን ንባቤን አልተውኩም። 2311 ይላል። 23ኛው ሳምንት፣ 11 ዓመተ ምሕረት። ሻጩ ቀበል አድርጎ «አየሽ እህቴ፣ 11 ነው። የዘንድሮ ነው። ገና ከኮንቴይነር የወረደ» አለኝ። ወሩ ሐምሌ 2011 ነው። ልቤ ሞላ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሻለሁ» ሲለኝም እሺ አልኩ። ሁለቱን ጎማ መኪና ውስጥ አስጭኜ በኩራት ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

ገባህ አይደል? ጎማ ላይ የሚታተመው ዓመት የአውሮፓውያን ነው። 2311 ማለት የ2011 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው፤ በኛ ሰኔ 2003 መጀመሪያ አካባቢ። የዘንድሮ ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ 8 ዓመቱ ነበር። ፋብሪካ የሚያትመው ቁጥር ውሸት የለበትም። ሻጩ ቁጥሩን አልፋቀም፣ አልቀየረም። እኔ በራሴ አቆጣጠር እንዳነበብኩት አየና ዝም አለ፤ ከዚያም አጸናልኝ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ይሄ የኔ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ይሠራል። አሁንም ሱቅ ገብተህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ልክ እንደኛ ዓመት ሆነው ካገኘሃቸው፣ ያ ጎማ ወይ 7 ወይ 8 ዓመቱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ የነሱ ዓመት ከኛ በ7 ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8። አእምሮህን ካላመንክ ስልክህን በአውሮፓ አቆጣጠር አድርገህ ሂድ። 3 ቁጥር ብቻ ያለው ከገጠመህ ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ እንዳትነካው።

«ጥርሱ ሙሉ ነው፣ መንገድ አልረገጠም፣ ዕድሜው ምን ያደርጋል?» ይሉሃል። ያደርጋል። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፣ አየሩም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ልስላሴው ይጠፋል። የጠነከረ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይቆነጥጥም። አንዳንድ የመኪና አምራቾች 6 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላሉ። የጎማ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ 10 ዓመትን የመጨረሻ ጣሪያ አድርገው ያስቀምጣሉ።

ይሄን የተማርኩት ጣርማበር ላይ ነው። ነሐሴ ነው። ሌሊት ዘንቦ አድሯል። ዋሻውን ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስጀምር ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ጎማዎቹን ያሰርኳቸው ፊት ነበር። ከፊቴ አይሱዙ ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። መኪናዋ አልቆመችም። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ እሷ ግን ወደፊት ቀጥ ብላ ተንሸራተተች። ድምፅ እንኳን የላትም። የቆመችው የመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ነው። በቀኝ በኩል በሩን ከፍቼ መውረድ አልቻልኩም፤ ገደል ነው። ከኋላ እህቴ ከትንሹ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ማናችንም ለብዙ ጊዜ አልተናገርንም። ደብረ ሲና ደርሰን ቆሎ የሚሸጡት ልጆች መስኮቱን ሲከቡን ነው እህቴ ማልቀስ የጀመረችው።

ሸዋ ሮቢት አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ አሉ። ለእሳቸው አሳየኋቸው። በጥፍራቸው በጥርሶቹ መሃል ያለውን ቦይ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሞልቶታል። ቅባቱ ሸፍኖት ነው እኔ ያላየሁት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው» አሉኝ። ሂሳቡን ጣታቸው ላይ ቆጥረው አሳዩኝ። ገንዘብም አልተቀበሉኝም። እስከ ዛሬ ጎማዬን የማሳየው ለእሳቸው ነው።

መርካቶ ተመልሼ ሄድኩ። ያ ሻጭ «ጎማ እንደ ዳቦ አይሻግትም» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አቤት ልል አንድ ቢሮ ሄድኩ። ግማሽ ቀን በር ላይ አስቀመጡኝ። ስገባ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ደረሰኝ አለሽ?» አለ። የለኝም። «ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ባለቤትሽ የለም እንዴ? እሱ ይምጣና ይናገር» አለኝ። መኪናዋን የገዛሁት እኔ ነኝ። ግብሯን የምከፍለው እኔ ነኝ። ስትንሸራተት መሪውን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ በፊቱ ነግሬው ወጣሁ። ገንዘቤ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ደረሰኝ ተቀበል። ቅናሽ ቢሉህም ተቀበል። ደረሰኙ ላይ የጎማው ልክና እነዚያ 4 ቁጥሮች ይጻፉበት። አልጽፍም ያለህ ሻጭ ምክንያት አለው።

4. ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ቢያንስ ሁለት ግዛ። ፊት ያሉት ሁለቱ፣ ኋላም ያሉት ሁለቱ እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ ተቀራራቢ ዕድሜ ይሁኑ። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል። ሁለት ብቻ ከገዛህ አዲሶቹን ኋላ እሰራቸው። አውቃለሁ፣ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ፊት ነው የሚያስረው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ዝናብ ላይ ኩርባ ስትዞር የፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ቀንሰህ ልትመልሰው ትችላለህ፤ ኋላው ካመለጠህ መኪናው ይዞራል፤ ለመመለስም በጣም ከባድ ነው። ፊት የሚቀሩትም ቢሆኑ ጥርሳቸው ደህና መሆን አለበት። በቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፣ አልቋል።

ልኩን ከሾፌሩ በር ጎን ካለው ወረቀት ላይ አንብብ። የኔ 195/65 አር 15 ነው፣ ቀጥሎም 91 ይላል። ይሄን 91 ማንም አያየውም። አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ምልክት ነው፤ 91 ማለት 615 ኪሎ ነው። «ያው ነው፣ ይገባል» ብለው 88 ቢሰጡህ 560 ኪሎ ነው የሚሸከመው። አንተም ሽንኩርት ትጭናለህ፣ ዘመድ ትጭናለህ። ከበሩ ላይ ከተጻፈው በታች አትውረድ።

ያገለገለ አትግዛ። ያገለገለ ጎማ የሚሸጠው ሰው ውስጡን አያሳይህም፤ ያንተ ጎማ የደረሰበት ጉድጓድ በእሱም ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። አቅም ካጣህ ሁለት አዲስ ገዝተህ የቀረውን ለሚቀጥለው ወር አቆየው። የትኛው ስም ይሻላል ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ስመ ጥር ሆኖ 8 ዓመት ከተቀመጠ፣ ብዙ ያልተወራለት ግን ባለፈው ዓመት የተሠራውን እመርጣለሁ። ዋጋ አልጽፍልህም፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ከሚሸጥበት ግን አትግዛ።

ከታሰረ በኋላ አየሩን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ አስለካ። የኔ በር ላይ 220 ኪሎ ፓስካል ይላል፤ በፒኤስአይ 32 ገደማ ነው። ካልነገርካቸው 40 ይሞሉልሃል። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከብርድ ወደ ቆላ ትወርዳለህ። ታች ደርሰህ ጎማው ሞቆ ሳለ አየር እንዳታስቀንስ፤ ማታ ስትመለስ ያንስሃል።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድና ለጎረቤት የ9 መኪና ጎማ አብሬ ሄጄ መርጫለሁ። አንዱም አልተመለሰም። አንተም ከመክፈልህ በፊት የጎማውን ጎን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፤ ቁጥሩን አይቼ እነግርሃለሁ። ቫልቩንም አብረህ አስቀይር፤ ብሎኖቹም በዙር ሳይሆን በመስቀል ቅርጽ እየተሻገሩ ይጥበቁ። ከታሰሩ በኋላ የመጀመሪያ ጉዞህ ወደ ታች ከሆነ ደብረ ሲና ቆም በልና አንዴ ደግመህ አጥብቃቸው።