ሳይገባሽ «እሺ» አትበይ

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር በአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስነት አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን አሠልጣኜ ሰው ፊት «ይሄ ስህተት ነው» ትለኛለች። ኃላፊያችን ደግሞ «አትጠይቂም፣ ተነሳሽነት የለሽም» ብላ ገመገመችኝ። እኔ እኮ ዝም የምለው ላለማስቸገር ብዬ ነው። ጠልተውኝ ይሆን? ትቼው ልውጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ የጥላቻ ምልክት አላየሁም። እኛ ጋ ዝም ብሎ የሚሰማ ተማሪ ጨዋ ነው። እነሱ ጋ ግን ያልጠየቀ ሰው ወይ ገብቶታል፣ ወይ ግድ የለውም። አንቺን ደግሞ ግድ የሌላት አድርገው እያዩሽ ነው።

እስቲ የጠዋቱን ርክክብ አስቢው። ሌሊት ያደረችው ነርስ ደክሟት በጥድፊያ ታወራለች። አንዲት እናት ትናንት በቂ ውሃ አልጠጡም፣ ዛሬ የሚጠጡት እየተለካ ይመዝገብ ትላለች። ግማሹ አልገባሽም፤ ግን «ያ፣ ያ» (አዎ፣ አዎ) ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ከሰዓት ቅጹ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት አጠጥተሻቸዋል። እዚያ ቤት ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። በዚያ ሰዓት ይሉኝታሽ ለማንም አይታይም፤ የሚታየው ባዶው ቅጽ ነው። ጉዳቱም የሴትዮዋ ነው።

ኪስሽ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይኑርሽ። ርክክቡ ሲያልቅ «ኢሽ ቪደርሆለ ኩርጽ» በይ፤ ባጭሩ ልድገመው ማለት ነው። ከዚያ የገባሽን መልሰሽ ንገሪያቸው። ሰዋስውሽ ቢንሻፈፍም ችግር የለውም። የሳትሽው ካለ እዚያው ያርሙሻል። ይህንን ብቻ በየቀኑ ብታደርጊ፣ ኃላፊሽ ስለ አንቺ ያላት አስተያየት ሲለወጥ ታዪዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

«ይሄ ስህተት ነው» መባሉ እንደሚያም አውቃለሁ። ግን አሠልጣኝሽ የምታወራው ስለ ሥራሽ፣ ለምሳሌ ስለ ፋሻ አጠቃለልሽ ነው፤ ስለ አስተዳደግሽ አይደለም። ታካሚ ፊት መነገሩ ከከበደሽ «በኋላ ለብቻችን ብትነግሪኝ ይሻለኛል» በያት። ይህን ማለት እዚያ ነውር የለውም። ካኮረፍሽ ግን ማኩረፍሽን ልብ የሚልልሽ ሰው አታገኚም።

አንድ ነገር ለይተሽ ያዢ። በቆዳሽ ቀለም ወይም በመጣሽበት አገር የሚያላግጥ የሥራ ባልደረባ ካለ፣ እሱ ባህል አይደለም። ቀኑንና የተባለውን ጻፊ፤ ለሠራተኞች ተወካይና ለትምህርት ቤት አስተማሪሽ ንገሪ። ጀርመን ከ2006 ጀምሮ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አላት። ካሳ ለመጠየቅ ግን በ2 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ስለሚያስፈልግ አትዘግዪ።

ደግሞ መብትሽን እወቂ። ሕጉ ከተግባር ሥልጠናሽ ሰዓት ቢያንስ 10 በመቶው በአሠልጣኝ እየተመራሽ የምትሠሪው እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ አሠልጣኝሽን ጊዜ ስትጠይቂ ውለታ እየለመንሽ አይደለም። የሰው እጥረት ባለበት ቤት ግን ያልጠየቀ ተማሪ ይረሳል።

የሙከራ ጊዜሽ 6 ወር ነው። እስከዚያ ድረስ እነሱም አንቺም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን እነሱ ያለ ከባድ ምክንያት ሊያሰናብቱሽ አይችሉም። ስለዚህ የቀሩሽን ሁለት ወራት በዝምታ አትጨርሻቸው። በዚህ ሳምንት ከኃላፊሽና ከአሠልጣኝሽ ጋር ቀጠሮ ያዢ። «ሥልጠናዬን መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ሙከራውን ለማለፍ ምን ምን ማሻሻል አለብኝ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚሉሽን እዚያው ፊታቸው ጻፊ፤ ከመነሳትሽ በፊትም መልሰሽ አንብቢላቸው።