«የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለእኔ ምን ይሠራል?»

ጥያቄ፦ አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እግራቸው ገተር ብሎ አይታጠፍም። የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው። ማታ ደግሞ እግሩ ብቻውን እየተፈናጠረ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ሐኪሙ ባክሎፌን አዞላቸው ቀለል ብሏቸው ነበር። የጎረቤት ልጅ ስልኩ ላይ አንብቦ «ይሄ እኮ ለሚጥል በሽታ የተሠራ ነው» አላቸው። አሁን «እኔን መቼ ጥሎኝ ያውቃል? አልውጥም» ይላሉ። ምን ልበላቸው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወጉ ይቆየን፤ መጀመሪያ መድኃኒቱን በድንገት እንዳያቆሙ። ባክሎፌን ባንዴ ሲቋረጥ ግትርነቱ ብሶ ይመለሳል። የሌለ ነገር ሊያሳያቸው፣ ጥሏቸው የማያውቁትንም ሊጥላቸው ይችላል። መቆም ካለበትም ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆማቸዋል።

ልጁ ግን አልዋሸም። ደሴ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል ይህንኑ የሚጠይቀኝ አላጣም። መድኃኒቱን በ1962 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ስዊዘርላንድ፣ ባዝል፣ ሲባ ኩባንያ ውስጥ የነበረው ኬሚስት ሃይንሪሽ ኬበርለ ነው። የታሰበው ለሚጥል በሽታ ነበር፤ እዚያ ላይ ብዙም አልረባም። የአንዳንድ ሕመምተኞች የተገተረ ጡንቻ ግን ላላ። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን «ጠንክር» የሚለውን መልእክት ያለዝባል።

ከዚያ በፊትማ ለተገተረ ጡንቻ ስንቱ ተሞክሯል! ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ለአደን ቀስት የሚቀባው ኩራሬ የሚባል መርዝ ሳይቀር። እሱ የመተንፈሻ ጡንቻንም ስለሚያዝል ያስፈራል። በ1940ዎቹ እንግሊዝ አገር ፍራንክ በርገር ፔኒሲሊን በባክቴሪያ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነገር ሲፈልግ፣ የሞከረባቸው አይጦች ነቅተው ሳሉ ዝልፍልፍ አሉበት። ሜፌኔሲን የሚባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የተገኘው እንዲህ ነው። ጉልበቱ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ባክሎፌን አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስቴ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላቸው ይችላል። የኩላሊት ችግር ካለባቸው ሐኪሙ ይወቅ። ረመዳን ሲቃረብም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ፤ የቀኑን በራሳቸው እንዳይዘሉ።

ደግሞ በደንብ እያቸው፦ ሲነሱ ያንን ግትር እግር ተመርኩዘው ነው የሚቆሙት? አንዳንዱ ሰው የሚቆመው በግትርነቱ ነው፤ ከመጠን በላይ ከላላ ጉልበቱ ይከዳዋል። መጠኑ የሚለካው በዚህም ጭምር ስለሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። እግሩ ድንገት ከባሰበት ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ድርቀት እንዳለ ይታይ፤ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት።