የሙሽራዋ ሥዕል ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ አክስቴ በሙሽርነቷ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደርባና ድሪ አጥልቃ በዘይት ቀለም የተሳለችበት ሥዕል ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ተሰቅሏል። ፊቷ ከዓመት ዓመት እየጠየመ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ብወለውለው ይጠራ ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ ውሃ አያስነኩት። የዘይት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በተልባ ዘይት (ያው ለጾም የምንበጠብጠው ተልባ ነው) ተለውሶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የሚደርቀውም እንደ ውሃ ቀለም በትነት ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሲጠጥር ነው። ይህ ዘይት ጨለማ ቦታ ሲቆይ ወደ ቢጫነት ያደላል፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽም ሲያረጅ ይጠይማል፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ ሲታከልበት ደግሞ የአክስትዎ ፊት መጥቆሩ አይደንቅም። እስቲ ካባውን ቀረብ ብለው ይመልከቱት፦ ሠዓሊው ጥልፉን በወፍራም ቀለም ከፍ ከፍ አድርጎት ከሆነ፣ አቧራው የሚተኛው በእነዚያ እብጠቶች ሥር ነው። ውሃ በስንጥቆቹ ከገባ ሸራውን ስለሚያላውሰው ቀለሙ ሊፈረፈር ይችላል። የሚላጥ ቀለም ከሌለ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፤ ቫርኒሹን ማንሳት የባለሙያ ሥራ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ከሚያዝለው የውጭ ግድግዳ አንሥተው፣ ከጀርባው አየር እንዲያገኝ አድርገው ይስቀሉት።